ዳኑብ የምትባል ጊደር

ጣልያን አገራችንን ይዞ በነበረበት ጊዜ፣ እኔ አሥራ ሁለት ወይም አሥራ ሦስት ዓመት ቢሆነኝ ነው፣ በአንኮበር ጉም ውስጥ ጨርሶ ያልነበረች ጊደር ፍለጋ ወጥቼ ነበር። ከዚያ ወዲህ ስንት ነገር አልፏል፤ ወልጃለሁ፣ ቀብሬአለሁ፣ አርጅቻለሁ። ያን ቀን ግን አልረሳሁትም። ዘንድሮ ደግሞ የባሰ ተቀሰቀሰብኝ። የልጅ ልጄ ዘጠነኛ ክፍል ገብታ ጂኦግራፊ ታጠናለች። ካርታዋን ጠረጴዛው ላይ በዘረጋች ቁጥር እኔ የማየው ያንን ጉም ነው።

በጽሕፈት የሠለጠንኩ አይደለሁም። ፊደል ቆጥሬ ዳዊት ግማሽ ላይ ስደርስ ነው ጦርነቱ ያቋረጠኝ። ስለዚህ እንደሆነው አድርጌ፣ ሳልጨምር ሳልቀንስ እጽፈዋለሁ።

አባቴ መሪጌታ ነበር። ብራና ፍቆ፣ ቀለም በጥብጦ መጽሐፍም ይጽፋል። እናቴ እኔን ስትወልድ ነው የሞተችው። ጣልያን አንኮበር ሲገባ አባቴ ብርዑን አስቀምጦ ከአርበኞች ጋር ወደ ቆላ ወረደ። እኔን ለእህቱ ለእታፈራሁ ትቶኝ ሲሄድ «በአሥራ አምስት ቀን እመለሳለሁ» አለኝ። አሥራ አምስት ቀን ቆጠርኩ። ሌላ አሥራ አምስት ቆጠርኩ። ከዚያ በኋላ መቁጠሩን ተውኩት።

አክስቴ እታፈራሁ ክፉ ሴት አልነበረችም፤ ንግግር ግን አታውቅም። ባሏ ከዘመቻ አልተመለሰም። ጥጥ ስትፈትል ስትውል በቤቱ ውስጥ ድምፅ ያለው እንዝርቷ ብቻ ነው። የመንደሩን ልጆች ወላጆቻቸው ወደየዘመድ ቤት አሽሽተዋቸዋል። እኔ ቀኑን ሙሉ አንድ ሰው ስሜን ሳይጠራኝ የምውልበት ጊዜ ነበር። አንዳንዴ ምንጭ ስወርድ ራሴው «አስካለ!» ብዬ እጣራና «አቤት» እላለሁ።

እንዲህ እያለን አንድ ማለዳ፣ ጉሙ ከበር ላይ ሳይነሳ፣ አንድ ቀጭን ወጣት መጣ። ስሙ ታደሰ ነው። ደብረ ብርሃን የሚኖሩ የአባቴ ወዳጅ ቄስ ናቸው የላኩት። አዲስ አበባ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ነበር። ያን ጊዜ ጣልያን የተማረ ሰው እያደነ የሚገድልበት ጊዜ ስለነበር ሸሽቶ መውጣቱ ነው። አገሩ አረርቲ ነው፤ እኛን አያውቅ፣ አንኮበርን አያውቅ። ከእኛ ዘንድ ተደብቆ እንዲቆይ፣ ከዚያም ቁልቁል ወደ አልዩ አምባ ወርዶ ሐጂ ይማም ከሚባሉ የአባቴ ወዳጅ ነጋዴ ጋር፣ የግመል ጫኝ መስሎ ወደ በረሃ እንዲሻገር ነበር ምክሩ።

አክስቴ አንድ ቃል ብቻ ተናገረች። «ግባ» አለችው። ጓዳ ውስጥ ከጎታዎቹ ጀርባ አጎዛ አነጠፈችለትና ወደ እንዝርቷ ተመለሰች።

ምግብ የማደርስለት እኔ ነኝ። ውኃ የምቀዳለት እኔ ነኝ። ከጓዳ መውጣት ስለማይችል፣ ይቅርታ ይደረግልኝና፣ ሽንቱን የምደፋውም እኔ ነኝ። እሱ ግን ቀና ብሎ አላየኝም። በግድግዳው ስንጥቅ በምትገባው ብርሃን አንድ ደብተር ላይ አቀርቅሮ ይውላል። ሦስት ቀን ታገስኩ። በአራተኛው ቀን ተናደድኩ።

«ጋሼ ታደሰ፣ ምንድን ነው የምታነበው?» አልኩት።

«ጂኦግራፊ።»

«እሱ ደግሞ ምንድን ነው?»

«ስለ ምድር የሚያስተምር ትምህርት ነው። ላንቺ ይከብድሻል።»

ፊቱ አኑሬው የነበረውን አንድ ቅል ውኃ መልሼ አነሳሁት። «ይሄም ላንተ ይከብድሃል። ከምንጭ ድረስ ሩቅ ነው» አልኩት።

መጀመሪያ ቅሉን አየ። ከዚያ ሳቀ። እንዳይሰማ አፉን በጋቢው ይዞ ነው የሳቀው። እኔ ግን አልሳቅኩም። ውሉን ነገርኩት። በአንድ ቀን ልፋቴ አንድ ትምህርት። ለምኜው አይደለም፤ የድካሜ ዋጋ ነው። እሱም «ፍርድ ነው» አለና ተስማማ።

እንደዚያ ነው የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት የገባሁት፤ ከጎታ ጀርባ።

ደብተሩ በገዛ እጁ የተጻፈ ነው። ግማሹ ፈረንሳይኛ፣ ግማሹ አማርኛ ሆኖ በየገጹ ካርታ አለበት። ጦርነቱ የመጣው የጂኦግራፊ ፈተና ሊፈተን ሲል ነው። ሰው ነፍሱን ይዞ ሲሸሽ እሱ ደብተሩን ብብቱ ሥር አድርጎ ወጣ። «ጣልያን ሲሄድ እፈተናለሁ» ይለኝ ነበር። የሚቀልድ መስሎኝ ነበር። አልነበረም።

ምድር አምስት ክፍለ ዓለም እንዳላት ነገረኝ። አውሮፓ፣ እስያ፣ አፍሪካ፣ አሜሪካ፣ አውስትራሊያ። ከአውሮፓ ጀመርን። ዳኑብ የሚባል ወንዝ ስንት አገር አቋርጦ እንደሚሄድ ሲነግረኝ ደስ አለኝ። ከወንዞቹ ሁሉ እሱን ወደድኩት፤ ለምን እንደሆነ አላውቅም። ብቻውን እንዲያ ርቆ ስለሚሄድ ይሆናል። ጣልያንን ሲያሳየኝ ደግሞ እግር ሆና አየኋት። «ይቺ ናት?» አልኩት። «ይቺው ናት» አለኝ። በጣቴ ሸፈንኳት። ሙሉ በሙሉ ተሸፈነች። ያን ቀን እራቴን በደንብ በላሁ።

አንድ ቀን ክርክር ያዝን። ካርታ ላይ ላይኛው ጫፍ ሁልጊዜ ሰሜን ነው አለኝ።

«ማን አለ?»

«ካርታ የሚሠሩ ሰዎች።»

«የት ነው የሚኖሩት?»

ትንሽ አሰበና «ሰሜን» አለ።

«አየህ!» አልኩት። እንደገና አፉን በጋቢ ያዘ።

አንኮበር በካርታው ላይ አልነበረችም። አዝኜ ሳየው «ብርዕ አምጪ» አለኝና አንዲት ነጥብ አደረገልኝ። ትንሽ ዝቅ አድርጎ ደግሞ ሌላ ነጥብ አደረገ። «ይቺ አረርቲ ናት። እናቴ እዚያ አለች። ሞቷል ብላ ይሆናል» አለኝ። በሁለቱ ነጥቦች መካከል ጥፍሩን አኖረ። ጥፍር አትሞላም። ከዚያ በኋላ ብዙ ጊዜ ምግብ ስወስድለት ጥፍሩ እዚያ ቦታ ላይ እንዳለ አገኘው ነበር። አየሁህ ብዬው አላውቅም።

አውሮፓን ጨረስን። እስያን፣ አፍሪካን፣ አሜሪካን ጨረስን። የቀረችው አውስትራሊያ ናት። እሷን ልንጀምር በነበረበት ሰሞን ወሬ መጣ። ከእኛ በስተሰሜን ኮረብታው ሥር የሰፈረው የጣልያን ጦር አዛዥ የየሰዉ ቤት ይፈተሽ ብሏል። «ወረቀት አዋቂ ተደብቋል» የሚል ጠቋሚ ተገኝቷል። በዚያው ቀን ከአልዩ አምባ አሞሌ ጨው ይዛ የመጣች ሴት የሐጂ ይማምን መልእክት አደረሰች። የግመል ቅፍለቱ ነገ ከቀትር በኋላ ይነሳል፤ ዕቃው ካልደረሰ አይጠብቅም። ዕቃው ታደሰ ነው።

መንገዱን ማን ያሳየው? እኔ ልምራው አልኩ። አክስቴ እንዝርቷን አቆመች። «ዘመዷ ካልሆነ ወንድ ጋር የምትሄድ ልጃገረድ ያየ ባንዳ ሁለታችሁንም ይይዛል። ከዚህ ቤት ንቅንቅ ብትዪ እግርሽን ነው የምሰብረው» አለች። እውነቷን ነው።

ታደሰም «ግድ የለም። ካርታ ሥሪልኝ። ፈተናሽ ይሁን» አለኝ። ከትምህርት ቤት ይዟት የወጣት፣ ከአዝራር ትንሽ የምትበልጥ አቅጣጫ የምትጠቁም ኮምፓስ ነበረችው። ካርታና ኮምፓስ ካለው በጉም ውስጥ ይሄዳል። እንዲያውም ጉም ይሻለዋል፤ ከባንዳ ዓይን ይሸፍነዋል።

ከአባቴ የብራና ቁራጭ አንዱን አወጣሁ። በአባቴ ብርዕ፣ በአባቴ ቀለም ሣልኩት። መካከሉ ላይ ቤተ ክርስቲያናችንን አደረግሁ። በአገራችን መንገድ የሚነገረው ከቤተ ክርስቲያን ተነስቶ ነውና። ከእሱ ወደ ላይ የቅዳሴው ኅብስት የሚጋገርበትን ቤተልሔሙን፣ ከዚያ ዋርካውን፣ ከዚያ ምንጩን፣ ከዚያ ወደ አልዩ አምባ የሚያወርደውን ቁልቁለት አደረግሁ። በስተግራ በኩል የጣልያንን ሰፈር በጥቁር ቀባሁት፤ እዚያ ድርሽ እንዳይል።

ታደሰ አገላብጦ አየው። «ጎበዝ! ከአሥር ዘጠኝ ሰጥቼሻለሁ» አለኝ።

«አንዷ ምን ሆነች?»

«ርቀቱን አልጻፍሽም።»

«በእግሩ የሚሄድ ሰው ርቀቱን እግሩ ይነግረዋል! አንዷን አምጣ!»

«አላመጣም» አለኝ እየሳቀ።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ጉሙ ወረደ። የአንኮበር ጉም ሲወርድ የገዛ እጅህን አያሳይህም። ታደሰ አሮጌ የአባቴን ጋቢ ተከናነበ። አክስቴን ጉልበቷን ሳመ። ደብተሩን ለእኔ ሰጠኝ፤ ቢፈተሽ በእሱ ይሞታልና። «አውስትራሊያስ?» አልኩት። «ዕዳ ናት። ስመለስ» አለና ወጣ። አሥር እርምጃ ሳይሄድ ጉሙ ዋጠው።

ቤቱ እንደገና እንደ ድሮው ሆነ። አክስቴ ተነስታ ወደ ግድግዳው ዞራ ጸሎት ጀመረች። እኔ ከጎታው ጀርባ ገብቼ አጎዛው ላይ ተቀመጥኩ። ገና ሙቀቱ ነበር። ደብተሩን ከፈትኩት። በመጀመሪያው ገጽ የዓለም ካርታ አለ፤ ከላዩ ቀስት፣ ከቀስቱ ጫፍ «ሰሜን» የሚል ጽሑፍ። ቀና ስል አክስቴን አየኋት። ፊቷን ወደ ምሥራቅ አድርጋ ትሰግዳለች።

ያኔ ብራናው ትዝ አለኝ።

ከመሪጌታ ቤት ያደገ ሰው ፊቱ ምሥራቅ ነው። ስንጸልይ ወደ ምሥራቅ ነው፤ ስንቀበር ስንነሳ ምሥራቅን እንድናይ ሆነን ነው። ቤተልሔሙ ከቤተ ክርስቲያኑ በስተምሥራቅ ነው። አባቴ የቤተ ክርስቲያን ቅርፅ ሲሥል መቅደሱን ወደ ላይ አድርጎ ነው። እኔም ብራናው ላይ ወደ ላይ ያደረግሁት ምሥራቅን ነው። ካርታ እየሠራሁ መሆኔ አልታየኝም፤ መንገድ እየነገርኩት ነው የመሰለኝ። ሰሜን ከላይ ነው ብሎኝ ተከራክሬበት ሳበቃ፣ የገዛ እጄ ግን የአባቴን ልማድ ይዞ ሄደ።

ታደሰ ደግሞ ተማሪ ነው። የካርታ ላይኛው ጫፍ ለእሱ ሰሜን ነው። በጉም ውስጥ ፀሐይ የለችም፣ ኮረብታ አይታይም፣ ያለው ኮምፓስ ብቻ ነው። ቁልቁለቱን አገኛለሁ ብሎ ወደ ሰሜን ይሄዳል። በሰሜን በኩል ያለው የጣልያን ሰፈር ነው። በገዛ እጄ ጽፌ ነው የላክሁት።

አክስቴ ዓይኗን ጨፍናለች። ሳላስበው ከግድግዳው የከብት ገመድ አወረድኩና ወጣሁ።

ሮጥኩ ማለት አልችልም። በጉም ውስጥ አይሮጥም። በእግሬ እየዳሰስኩ ወደ ሰሜን ሄድኩ። ልጣራ አልችልም። «ታደሰ» ብል ስሙን ለጠላት መስጠቴ ነው። ዝም ብል ደግሞ አላገኘውም። ቆሜ አለቀስኩ። በሕይወቴ እንደዚያን ጊዜ ብቻዬን ሆኜ አላውቅም፤ አባቴን የቀበሩበትን ቦታ ሳላውቅ የቀረሁ ጊዜ እንኳ።

ከዚያ እጄ ላይ ያለውን ገመድ አየሁት። ከብት የጠፋበት ሰው በጉም ቢጣራ ማን ምን ይለዋል?

«ዳኑብ!» ብዬ ጮህኩ። «ዳኑብ! ነይ ዳኑብ! ነይ እናቴ!»

ሁለት ጊዜ፣ ሦስት ጊዜ ጮህኩ። ከጉሙ ውስጥ የወጣው ግን ታደሰ አይደለም። ጠብመንጃ የያዘ፣ ካፖርት የለበሰ ባንዳ ነው።

«ማነሽ አንቺ?»

«የመሪጌታ ልጅ ነኝ። ጊደር ጠፍታብኝ ነው፣ ጋሼ።» የየትኛው መሪጌታ ብሎ ቢጠይቅ አልቆልኝ ነበር። አልጠየቀም።

«ምንድን ነው ያልሻት ስሟን?»

«ዳኑብ።»

«ምን ማለት ነው?»

«ግእዝ ነው» አልኩት። ከየት እንደመጣልኝ እንጃ።

ሳቀ። «ወይ ካህናት! ላማችሁም በግእዝ ነው የምትጠራው?» አለ። ከዚያ በሕልሜም የማላስበውን ነገር አደረገ። ጠብመንጃውን ትከሻው ላይ አስተካክሎ፣ እጆቹን አፉ ላይ አድርጎ፣ እንደ ነጋሪት በሚያስተጋባ ድምፅ «ዳኑ...ብ! ዳኑ...ብ!» ብሎ ተጣራልኝ። «የልጅ ድምፅ በዚህ ጉም የት ይደርሳል፤ እኔ ልጥራልሽ» ብሎ ነው። አንዴ አይደለም፤ አምስት ስድስት ጊዜ ተጣራ። ድምፁ ገደል ለገደል ሄደ።

ባንዳው ጆሮውን አዘንብሎ አዳመጠ። ከዚያ ከታች፣ ከሰፈሩ አቅጣጫ፣ አንድ ነገር «እምቧ» አለ።

እንደዚያ ያለ መጥፎ እምቧታ ሰምቼ አላውቅም። ከተማ የተማረ ሰው እምቧታ ነው።

«ያቻትልሽ!» አለ ባንዳው ደስ ብሎት። «ብርድ መትቷታል መሰለኝ፣ ድምፅዋ ሰልሏል። ሂጂ አምጪያት። ብቻ ከታች ሰፈሩ አጥር እንዳትደርሺ፣ ይተኩሱብሻል።»

ወረድኩ። ታደሰ አንድ ትልቅ ዐለት ሥር ተቀምጦ አገኘሁት። ብራናው ጉልበቱ ላይ፣ ኮምፓሱ በእጁ ነው። ከዐለቱ በታች፣ ድንጋይ ብወረውር በሚደርስበት ቦታ፣ ሰዎች ጣልያንኛ ሲያወሩ ይሰማል። የሚፈላ የስጎ ሽታ ይሸታል። ሽታው አቁሞታል እንጂ ገብቶ ነበር።

ሳልናገር ብራናውን ከጉልበቱ ላይ ሩብ ዙር ወደ ቀኝ አዞርኩት። «ላይኛው ምሥራቅ ነው» አልኩት በሹክሹክታ።

ብራናውን አየ። ኮምፓሱን አየ። ፊቱ ዐመድ መሰለ። ከዚያ፣ እዚያ ቦታ ላይ፣ «አቅጣጫ ያልተጻፈበት ካርታ ዜሮ ነው» አለኝ።

«አንተም ሳትጠይቅ የተነሳህ ተማሪ ዜሮ ነህ» አልኩት።

«ፍርድ ነው» አለኝ።

ወደ ምሥራቅ የሚወስደውን የፍየል መንገድ በጣቴ አሳየሁት። «ከዚህ ዋርካውን ታገኛለህ። ከዚያ ውኃ ሲፈስ ትሰማለህ፤ እሱን ይዘህ ውረድ።» እጄን ይዞ ግንባሬን ሳመኝ። ስለ አውስትራሊያ ያን ጊዜ አላነሳንም። ሁለታችንም ረስተነዋል። ድንጋይ ሳያንከባልል፣ ቀስ ብሎ ሄደ። እግሩ እስኪጠፋኝ ድረስ አዳመጥኩ።

ስመለስ ባንዳው እዚያው ቆሟል። «የታለች?»

ባዶ ገመዴን አየሁ። «ገደል ገባች» አልኩት። አልኩና ማልቀስ ጀመርኩ። ማልቀሱ ውሸት አልነበረም። ከዚያ ወዲህ እንደዚያ አላለቀስኩም፤ ለአባቴም፣ ለታደሰም፣ ለዚያ ባዶ ጓዳም አንድ ላይ ነው ያለቀስኩት። ባንዳው አጠገቤ ቁጢጥ አለ። «አይዞሽ፣ ከብት ይተካል» አለኝ። ከኪሱ አንድ ጋሌጣ፣ የወታደር ደረቅ ብስኩት፣ አውጥቶ ሰጠኝ። የጠላት ጋሌጣ ነው። በላሁት። አልዋሽም፣ በላሁት።

ቤት ስደርስ አክስቴ በር ላይ ቆማለች። እግርሽን እሰብራለሁ ያለችውን ታደርገዋለች ብዬ ጠበቅሁ። ጭቃ የነካውን እግሬን አየች፣ ገመዱን አየች። ውኃ አሙቃ እግሬን አጠበችልኝ። ደብተሩን ልታቃጥለው ስትል ብቻ ነው የተጣላነው። እኔ አሸነፍኩና ከአባቴ ብራናዎች መካከል ደበቅሁት። ፈታሾቹ ሲመጡ የቤተ ክርስቲያን መጽሐፍ ነው ብለው አለፉት።

ከሳምንታት በኋላ ሐጂ ይማም ራሳቸው ጨው ይዘው መጡ። በር ላይ ቆመው «ዕቃው አዋሽን ተሻግሯል፣ አልሐምዱሊላህ። ከዚያ ወዲያ የማውቀው የለም» አሉን። ከዚያ ወዲያ እኔም የማውቀው የለም።

ጣልያን ሄደ። አባቴ አልተመለሰም፤ ቆላ ላይ መሞቱን የነገሩን አብረውት የነበሩ ናቸው፤ መቃብሩን ያሳየኝ ግን የለም። ታደሰም አልመጣም። አድጌ፣ አግብቼ ደብረ ብርሃን ገባሁ። የአረርቲ ሰው ባገኘሁ ቁጥር እጠይቃለሁ። ታደሰ የሚባል ሰው ብዙ ነው።

ባንዳውን ግን አንድ ጊዜ አይቼዋለሁ። ከነፃነት በኋላ ደብረ ሲና ገበያ ላይ ነው። ሰዎች ከብበው እየሰደቡት፣ አንዷ ሴት ፊቱ ላይ አፈር በተነችበት። በድምፁ ነው ያወቅሁት፤ «ተዉኝ እባካችሁ» ሲል። ባንዳ ነበር፤ አልነበረም አልልም። በማን ላይ ምን እንዳደረገ አላውቅም። ነገር ግን ያልነበረችውን ጊደሬን በገዛ ድምፁ ጠርቶልኛል፤ ያ ድምፅ ባይኖር የእኔ ድምፅ ታደሰ ዘንድ አይደርስም ነበር። ይህን ቆሜ መናገር ነበረብኝ። አልተናገርኩም። ነጠላዬን ወደ ፊቴ ስቤ አለፍኩ። ስለ ፍርድ ስናገር የምውል ሴት ነኝ፤ ልጆቼም ያውቁኛል። የዚያን ቀኑን ግን አንድ ቀን መጻፍ ነበረብኝና ይኸው ጻፍኩት።

የልጅ ልጄ መጽሐፍ እንግሊዝኛ ነው። እያነበበች ለእኔ በአማርኛ ትነግረኛለች፤ ታደሰም ፈረንሳይኛውን እንዲሁ ነበር የሚያደርገው። አውሮፓን ስትነግረኝ ዳኑብ የት የት እንደሚያልፍ ቀድሜያት እናገራለሁ። «እማማ፣ አንቺ የት ተማርሽው?» ትለኛለች። «ሁለተኛ ደረጃ» እላታለሁ። ትስቃለች።

ባለፈው ሳምንት አንድ ገጽ ገለጠችና «ይሄን ደግሞ ልንገርሽ፣ አውስትራሊያ ነው» አለችኝ።

«ዝጊው» አልኳት።

ደነገጠች። አልቆጣኋትም፤ ማስረዳት ስላቃተኝ ነው። የታደሰ ደብተር እስከ ዛሬ ሳጥኔ ውስጥ አለ። በመጨረሻው ገጽ የአውስትራሊያ ካርታ ከነጽሑፉ አለበት፤ ፈረንሳይኛ ነው። የሚያነብልኝ ሰው ጠፍቶ አይደለም። ልጄ ፈረንሳይኛ ያውቃል። ስንት ዓመት ሙሉ «አምጪው ላንብብልሽ» ሲለኝ እምቢ ብያለሁ። በሬዲዮም የአውስትራሊያ ስም ሲጠራ አጠፋዋለሁ። ሰዎች የእርጅና ነገር ይመስላቸዋል።

አይደለም። ውል ነው። እኔ ውኃውን ቀድቻለሁ፣ ሽንቱን ደፍቻለሁ፣ ጊደሯንም ጠርቻለሁ። በእኔ በኩል የቀረ የለም። ሌላ ሰው ያስተማረኝ ቀን የእሱ ዕዳ ይዘጋል፤ ዕዳው ከተዘጋ ደግሞ የሚመለስበት ምክንያት አይኖረውም።

ስለዚህ ጋሼ ታደሰ፣ ይህን የምታነብ ከሆነ፣ ወይም ልጆችህ ካነበቡልህ፣ ካርታው ከአሥር ዜሮ መሆኑን ተቀብያለሁ። ምሥራቅ ከላይ መሆኑን መጻፍ ነበረብኝ። አውስትራሊያ ግን ቀርታኛለች። እኔም አሁን ብዙ ጊዜ የለኝም።